95 በመቶ የተባለው ቦይለር ቢላችሁን ያልቀነሰው ለምንድን ነው? ለአሮጌ ራዲያተር ቤት ቦይለር ከስሌት እስከ ማስተካከያ

ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላይ አሮጌ የጡብ ቤት የገዛ ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ቤዝመንት ውስጥ ያለው ግዙፍ ቦይለር ያረጃል። ኮንትራክተር ይጠራል። 95 በመቶ የሚል ምልክት ያለበት (ከጋዙ ጉልበት ይህን ያህሉ ለቤቱ ይደርሳል ማለት ነው) ኮንደንሲንግ ቦይለር ይገጠማል፣ ብዙ ሺህ ዶላር ይወጣል። ከዚያ የጃንዋሪ ጋዝ ቢል ሲመጣ ከአምናው ብዙም አይለይም። ከእጅ አይሻል ዶማ።

እኔም ቤት ደርሷል። ኮንትራክተሩ የአሮጌውን ቦይለር ምልክት በስልኩ ፎቶ አነሳ፣ በማግስቱ ያንኑ መጠን ያለው አዲስ ቦይለር ዋጋ ላከልኝ፣ እኔም ፈረምኩ። አንድም ክፍል አልለካም፣ አንድም ቢል አላየም። ያኔ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ ባውቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይታወቅ። የጋዝ መስመሩንና ጭስ ማውጫውን ላይሰንስ ያለው ሰው፣ በፐርሚት ይሠራዋል። እናንተ የምትሠሩት ስሌቱን፣ ምርጫውን፣ ቁጥጥሩንና ማስተካከያውን ነው። ገንዘቡ የሚጠፋውም እዚያ ላይ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቁጠባው የሚመጣው ከየት ነው?

እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ አስቡ። እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ውሃ ሲሆን ደግሞ የያዘውን ሙቀት እዚያው ይለቃል። ጋዝ ሲቃጠልም ከጭሱ ጋር ብዙ እንፋሎት ይወጣል፤ ከጋዙ ጉልበት 10 በመቶ የሚሆነው እንፋሎቱ ውስጥ ነው ያለው። አሮጌው ቦይለር ይህን ወደ ሰማይ ይልከዋል። ኮንደንሲንግ ቦይለር ግን ከራዲያተር ተመልሶ የሚመጣውን ውሃ እንደ ክዳን ይጠቀምበትና እንፋሎቱን ውሃ ያደርገዋል።

ችግሩ ክዳኑ ትኩስ ከሆነ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ጭስ ማላብ (እንፋሎቱ ውሃ መሆን) የሚጀምረው ከ130 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ (54 ሴንቲግሬድ) በታች ሲቀዘቅዝ ነው። ተመላሹ ውሃ 150 ከሆነ ምንም አያልብም፣ 95 በመቶ የተባለው ቦይለርም 87 ገደማ ላይ ይቀራል። ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር የተለካው ውሃው በ120 ዲግሪ እየተመለሰ መሆኑን ሻጩ አይነግራችሁም።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ለሁለት ነገር ነው፦ ተመላሹ ውሃ ቀዝቀዝ እንዲል፣ ቦይለሩም ሳይጠፋ ረጅም ሰዓት በቀስታ እንዲነድ።

(ከዚህ በኋላ ዲግሪ ስል ፋራናይት ነው። አውሮፓ ያላችሁ ቁጥሩን ቀይሩት እንጂ ነገሩ አንድ ነው።)

## ደረጃ 1፦ ሲስተማችሁ የሙቅ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ

ቦይለሩ ጎን ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ የሚታይበት የመስታወት ቱቦ ካለ፣ ቤታችሁ የሚሞቀው በእንፋሎት ነው። ራዲያተሩ ላይ አንድ ቧንቧ ብቻ ገብቶ ጎኑ ላይ "ሽሽሽ" የሚል ትንሽ መተንፈሻ ካለም እንደዚያው።

እንፋሎት ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙ። እንፋሎት የሚነሳው ከ212 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ ኮንደንሲንግ ቦይለር እዚያ ላይ ጥቅም የለውም። ወደ ሙቅ ውሃ መቀየር ራሱን የቻለ ትልቅ ፕሮጀክት ነው፣ እንዲሁ ቦይለር ቀይሮ የሚገኝ አይደለም።

መስታወቱ ከሌለ፣ ራዲያተሩ ላይ ሁለት ቧንቧ ካለና አናቱ ላይ በቁልፍ የሚከፈት ትንሽ የአየር ማውጫ ካለ ሙቅ ውሃ ነው። ቀጥሉ።

ቤዝመንት ስትወርዱ ሌላም ነገር እዩ። አሮጌዎቹ ቧንቧዎች ላይ ነጭ፣ ጀሶ የመሰለ መጠቅለያ ካለ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትንኩት፣ አትጥረጉት፣ በቫኪዩም አትምጠጡት። አስመርምሩት።

## ደረጃ 2፦ የቤቱን ፍላጎት ከጋዝ ቢል አውጡ

በጣም የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። ካልኩሌተርና ሁለት ቢል ይበቃችኋል።

1. የጃንዋሪን ቢል አውጡ። ሜትሩ በእርግጥ ተነቦ የመጣ እንጂ በግምት የተሞላ እንዳይሆን አረጋግጡ። ለምሳሌ 180 ቴርም (ጋዝ የሚለካበት አሃድ) ይሁን።
2. የጁላይን ቢል አውጡ። ያን ጊዜ የሚነደው ለሻወርና ለምድጃ ብቻ ነው። 20 ቴርም እንበል። ቀንሱት፤ ለማሞቂያ የሄደው 160 ነው።
3. አሮጌው ቦይለር ከዚህ ወደ ቤቱ ያደረሰው 78 በመቶ ያህሉን ነው ብላችሁ ያዙ። 125 ቴርም ገደማ ይሆናል። አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ (የሙቀት ጉልበት መለኪያ) ስለሆነ 12.5 ሚሊዮን ቢቲዩ ማለት ነው።
4. ለሰዓቱ አካፍሉት። 31 ቀን 744 ሰዓት ነው። በሰዓት 16,800 ቢቲዩ ይመጣል። ቢላችሁ የ29 ወይም የ33 ቀን ከሆነ በዚያው ቁጥር አስሉ፣ ዝም ብላችሁ 31 አትበሉ።
5. የወሩን አማካይ የውጪ ሙቀት ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ቢሉ ላይ ተጽፏል። ዲሲ ጃንዋሪ 37 አካባቢ ነው። ከ65 ላይ ቀንሱት፤ 28። ለምን ከ70 አይደለም? ሰው፣ ፀሐይ፣ ምድጃና ፍሪጅ ራሳቸው ትንሽ ያሞቃሉና ነው።
6. 16,800ን ለ28 ስታካፍሉ 600 ይመጣል። የቤታችሁ መታወቂያ ቁጥር ይህ ነው፦ ውጪው በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር በሰዓት 600 ቢቲዩ ይጨመራል።
7. የአካባቢያችሁን የዲዛይን ሙቀት (ማሞቂያ ሲመረጥ የሚሰላበትን የብርድ ቀን ሙቀት) ያዙ። ለዲሲ 20 ዲግሪ ገደማ ነው። 65 ሲቀነስ 20፣ 45። በ600 ስታባዙት 27,000 ቢቲዩ በሰዓት ይሆናል፣ ወደ 8 ኪሎዋት።

አሁን ወርዳችሁ የአሮጌውን ቦይለር ምልክት አንብቡ። የእኔ 150,000 ይል ነበር። ቤቱ የሚፈልገው 27,000 ነው። ስሕተት መስሎኝ ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ። ስሕተት አልነበረም። አሮጌዎቹ ቦይለሮች ከልክ በላይ ትልቅ ተደርገው ነው የተገጠሙት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መስኮቱ ተቀይሯል፣ ጣሪያው ተሸፍኗል።

ስሌቱ የሚዋሸው መቼ ነው? ያን ወር አገር ቤት ሄዳችሁ ቤቱ ባዶ ከነበረ፣ መኝታ ቤት በኤሌክትሪክ ሂተር ካሞቃችሁ፣ ወይም ላይኛውን ፎቅ ዘግታችሁ ከነበረ ቁጥሩ ያንሳል። ሌላ ወር ውሰዱ። በሁለት ወር ቢል ሠርታችሁ መልሶቹ ከተቀራረቡ እመኑት።

ለጥንቃቄ 20 በመቶ ጨምሩና 32,000 በሉት። ከዚያ በላይ "ለማንኛውም" ብላችሁ አትጨምሩ። ኮንትራክተሩም ይጨምራል፣ ሻጩም ይጨምራል፣ ሲደመር ነው 150,000 የሚደርሰው።

## ደረጃ 3፦ ራዲያተሮቹን ለኩ

የቤቱን ፍላጎት አውቃችኋል። አሁን የምትፈልጉት ራዲያተሮቹ ያን ሙቀት በስንት ዲግሪ ውሃ ሊሰጡ እንደሚችሉ ነው።

ሜትርና ወረቀት ያዙና ክፍል ለክፍል ዙሩ። ለእያንዳንዱ ራዲያተር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቁመቱን በኢንች፣ ከጎኑ ሲታይ ስንት ዓምድ (ቋሚ ቱቦ) እንዳለው፣ በርዝመቱ ስንት ክፍል (ጎን ለጎን የተያያዘ ቁራጭ) እንዳለው። የአሮጌ ራዲያተሮች ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ለምሳሌ 38 ኢንች ቁመት ያለው ባለ ሦስት ዓምድ ራዲያተር በአንድ ክፍል 5 ስኩዌር ፊት (የራዲያተር አቅም የሚለካበት) ነው። 26 ኢንቹ ደግሞ 3.75 ነው። 10 ክፍል ያለው ባለ 38 ኢንች 50 ስኩዌር ፊት ሆነ ማለት ነው። ሁሉንም ደምሩ።

የቤቱ ድምር 400 ስኩዌር ፊት ነው እንበል። አንዱ ስኩዌር ፊት በሰዓት የሚሰጠው በግምት ይህን ያህል ነው፦

- አማካይ ውሃ 170 ሲሆን 150 ቢቲዩ
- 140 ሲሆን 94
- 130 ሲሆን 77
- 120 ሲሆን 61

400 በ61 ብታባዙት 24,400፣ በ77 ደግሞ 30,800 ነው። የእኛ 27,000 መሃል ላይ ወደቀ፣ 125 ገደማ። ይህ አማካይ ነው፤ ሲወጣ 135፣ ሲመለስ 115። እዩት እንግዲህ፣ በዓመቱ ቀዝቃዛ በሚባለው ሌሊት እንኳ ተመላሹ ውሃ ከ130 በታች ነው፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከዚህም ይወርዳል። አሮጌዎቹ ከባድ ራዲያተሮች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ፣ "አሮጌ ነው" ብላችሁ እንዳትጥሏቸው።

ክፍሎቻችሁ ውስጥ ያለው ግድግዳው ሥር የሚሄድ ቀጭን ቤዝቦርድ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እሱ የተሠራው ለ180 ዲግሪ ውሃ ነው፣ በ130 ሲሠራ ከግማሽ በታች ነው የሚሰጠው። ወይ ርዝመቱን ጨምሩ፣ ወይ መጀመሪያ የቤቱን ቀዳዳ ድፈኑና ፍላጎቱን ቀንሱ፣ ወይም በጣም በሚበርድባቸው ጥቂት ቀናት እንደማያልብ ተቀበሉት።

አንድ ክፍል ብቻ ካነሰ፦ ድምሩ ጥሩ ሆኖ የአንዱ ክፍል ራዲያተር ትንሽ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ብላችሁ የቤቱን ሁሉ ውሃ አታግሉ። እዚያ ክፍል ራዲያተር ጨምሩ።

አታድርጉ፦ አሁን ባለው አሮጌ ቦይለር ላይ ውሃውን ዝቅ አድርጋችሁ ለወራት አትሞክሩት። እሱ ማላብ አልተፈቀደለትም። ላቡ አሲድ ስለሆነ ብረቱንም ጭስ ማውጫውንም ይበላዋል።

## ደረጃ 4፦ ቦይለሩን በትንሹ ነበልባል ምረጡ

ሁሉም ሰው የሚያየው ትልቁን ቁጥር ነው። እናንተ ትንሹን እዩ። ዘመናዊ ቦይለር ነበልባሉን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። 80,000 ቢቲዩ ሆኖ 10 ለ 1 የሚወርድ ከሆነ ትንሹ 8,000 ነው። 150,000 ሆኖ 5 ለ 1 ብቻ የሚወርድ ከሆነ ትንሹ 30,000 ነው።

ውጪው 50 ዲግሪ በሆነበት ቀን የእኛ ቤት የሚፈልገው 600 በ15፣ 9,000 ነው። የመጀመሪያው ቦይለር ቀኑን ሙሉ በቀስታ ይነዳል። ሁለተኛው ግን በዓመቱ ቀዝቃዛ ሌሊት እንኳ ከቤቱ ፍላጎት በላይ ነው፤ ይነዳል፣ ውሃው ወዲያው ይግላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነዳል። የእኔ በየአራት ደቂቃው ነበር የሚነሳው። እንዲህ የሚሠራ ቦይለር ጋዝም ይፈጃል፣ ቶሎም ያረጃል።

ስለዚህ ኮንትራክተሩን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ "ዝቅተኛው ነበልባል ስንት ቢቲዩ ነው?" መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ካላወቀው መጽሐፉን ያምጣና አብራችሁ እዩ።

የሻወር ውሃ ወጥመድ። ለቤቱም ለሻወሩም የሚሠራ ኮምቢ ቦይለር ይሸጡላችኋል። ሻወር በደቂቃ 2.5 ጋሎን ቢፈስና ውሃውን በ70 ዲግሪ ማሞቅ ቢያስፈልግ ወደ 87,500 ቢቲዩ ይፈልጋል፣ ከቤቱ ፍላጎት ከሦስት እጥፍ በላይ። ለሻወሩ ሲባል ትልቅ ቦይለር ይገባና ለማሞቂያው አይመጥንም። ቦታ ካላችሁ ከቦይለሩ ጋር የሚያያዝ የውሃ ታንክ ግጠሙ፣ ታንኩ ያጠራቅማልና ቦይለሩ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ቦታ ከሌላችሁና ኮምቢ ግድ ከሆነ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ መንደድ የሚችለውን ምረጡ።

## ደረጃ 5፦ ጭሱና የሚንጠባጠበው ውሃ

እዚህ ላይ ስሕተት ሰው ይገድላል፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

1. አዲሱ ቦይለር ጭሱን በአሮጌው የጡብ ጭስ ማውጫ እንዲሁ መልቀቅ አይችልም። ጭሱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። አምራቹ በፈቀደው ዓይነት የፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት ቧንቧ፣ በተፈቀደው ርዝመት ይወጣል።
2. ቧንቧው ወደ ቦይለሩ ያዘቅዝቅ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጫማ ሩብ ኢንች። ካላዘቀዘቀ ውሃው ተኝቶ ጭሱን ይዘጋዋል።
3. የውጪው ጫፍ በረዶ ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 12 ኢንች በላይ ይሁን። ከመስኮትና ከበር ያለውን ርቀት ከመጽሐፉ ላይ አንብቡ። ትልቅ በረዶ ከጣለ ወጥታችሁ ጥረጉት።
4. የተረሳው የውሃ ማሞቂያ። የሻወር ታንካችሁ ከአሮጌው ቦይለር ጋር ያንኑ ጭስ ማውጫ ይጋራ ከነበረ፣ ቦይለሩ ሲነሳ እሱ ብቻውን ለዚያ ሰፊ ጭስ ማውጫ በጣም ትንሽ ይሆናል። ጭሱ ሳይወጣ ይቀዘቅዛል፣ ጡቡን ያረጥበዋል፣ ሲብስ ወደ ቤት ይመለሳል። ጭስ ማውጫው ውስጥ በልኩ የሆነ ቱቦ ይግባ፣ ወይም ታንኩ አብሮ ይቀየር። ብዙ የዋጋ ማቅረቢያዎች ላይ ይህ የለም። ጠይቁ።
5. የሚንጠባጠበው ውሃ ኮምጣጣ ነው፣ ፒኤቹ ከ3 እስከ 5 ይደርሳል። ብረትና መዳብ ይበላል። በፕላስቲክ ቱቦ፣ የእብነ በረድ ጠጠር ባለበት ማለዘቢያ ውስጥ አልፎ ይፍሰስ። ቱቦው በውጪ በኩል ካለፈ በረዶ ይዘጋውና ቦይለሩ በጣም በሚበርድበት ሌሊት ይቆማል።
6. መኝታ ቤቶች አጠገብና በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑር። አዲሱ ቦይለር መንደድ ከመጀመሩ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

አላርሙ ቢጮህ ባትሪ እየፈተሻችሁ አትቁሙ። ሁሉንም ይዛችሁ ውጡ፣ ከውጪ 911 ደውሉ።

## ደረጃ 6፦ አሮጌውን ቧንቧ እጠቡ

ራዲያተሮቹ ውስጥ የዘመናት ጥቁር ዝቃጭ አለ። የአዲሱ ቦይለር የውሃ መተላለፊያ ጠባብ ነው። ሳይታጠብ ከተገጠመ ዝቃጩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል፣ መጀመሪያ ድምፅ ያሰማል፣ ከዚያ ይዘጋል፣ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ አይሸፍነውም።

1. አሮጌው ቦይለር ሳይነሳ የማጠቢያ ኬሚካሉን ጨምሩና በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈው ጊዜ አሽከርክሩት።
2. ሁሉንም የራዲያተር ቫልቭ ክፈቱ። አልንቀሳቀስ ያለ ቫልቭን በትልቅ ቁልፍ አታስገድዱት፣ ይሰበራል፣ ቤዝመንቱም ይጥለቀለቃል።
3. አፍስሱ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ።
4. ተመላሹ መስመር ላይ ማግኔት ያለበት ማጣሪያ ይገጠም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ሦስቴ አጽዱት፤ የሚወጣውን ጭቃ ስታዩ ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል።
5. ሲስተሙን ስትሞሉ አምራቹ ስለ ውሃው የሚጠይቀውን አሟሉ፣ በተለይ የቦይለሩ ውስጥ አልሙኒየም ከሆነ።

## ደረጃ 7፦ ፓምፕ፣ ታንክና አዘረጋግ

የውሃው ፍጥነት ቀላል ስሌት ነው። 500ን በ20 አባዙና 27,000ን ለሚመጣው ቁጥር አካፍሉ፣ በደቂቃ 2.7 ጋሎን ነው። 20 ማለት በሚወጣውና በሚመለሰው ውሃ መካከል የምትፈልጉት ልዩነት ነው። ትልቅ ፓምፕ ከገባ ውሃው ሳይቀዘቅዝ እየሮጠ ይመለሳል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ቀዝቅዞ እንዲመለስ ነው። ፍጥነቱ የሚቀየር ፓምፕ ጠይቁ፣ ዝቅ ካለው ጀምሩ።

ብዙ ኮንትራክተሮች ሁለት ዙር ይዘረጋሉ፣ አንዱ ለቦይለሩ፣ አንዱ ለቤቱ። ይህ ችግር የለውም፣ ግን የቦይለሩ ዙር ከቤቱ ዙር በላይ ከፈጠነ ትኩሱ ውሃ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ወደ ቦይለሩ ይገባል። የቦይለሩ ፓምፕ ከቤቱ ፓምፕ እኩል ወይም ዝቅ ይበል፣ ግን አምራቹ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በታች አይሁን።

የግፊት ታንኩን ደግሞ እንዲህ አዘጋጁት። ከግፊት መለኪያው እስከ ላይኛው ራዲያተር ያለውን ከፍታ በጫማ ለኩ፣ ለ2.31 አካፍሉ፣ 4 ጨምሩ። 18 ጫማ ከሆነ 12 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ይሆናል። ታንኩ ከመታሰሩ በፊት በጎማ መለኪያ ተለክቶ እዚያ ቁጥር ላይ ይሁን፣ ሲስተሙም በዚያው ይሞላ። አሮጌ ቤት ብዙ ውሃ ይይዛልና የታንኩ ትልቅነትም ተሰልቶ ይምረጥ።

## ደረጃ 8፦ ማስነሳት

በዚህ ቀን ሥራ ቅሩ። በእርግጥ።

- መጀመሪያ የውሃ ወጥመዱ (ላቡ የሚወርድበት ጎድጎድ ያለው ቱቦ) በውሃ ይሞላ። ባዶውን ከተነሳ ጭሱ በዚያ በኩል ወደ ቤት ይገባል።
- ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እየወጣችሁ የራዲያተሮቹን አየር አስወጡ። ፓምፑ ይጥፋ።
- የጋዝ ግንኙነቶቹ ሁሉ ይፈተሹ።
- ባለሙያው የጭስ መመርመሪያ መሣሪያውን ጭሱ ላይ አስገብቶ በከፍተኛውም በዝቅተኛውም ነበልባል ይለካ። ውጤቱ መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር ይነጻጸር። የታተመውን ወረቀት ያዙ። "በዓይኔ አየሁት፣ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው" ካላችሁ ክፍያውን አትጨርሱ።

## ደረጃ 9፦ ከርቩን አስተካክሉ

ከርቭ የምለው፣ ውጪው ስንት ዲግሪ ሲሆን የሚወጣው ውሃ ስንት ዲግሪ ይሁን የሚለውን የቦይለሩን ቅንብር ነው። በሰሜን በኩል፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ የውጪ ሙቀት መለኪያው ይገጠም። ከጭስ ማውጫውና ከማድረቂያው ትንፋሽ ይራቅ። ሳጥኑ ውስጥ ሳይገጠም የቀረባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ቦይለራችሁ ዓመቱን ሙሉ 180 ላይ ቆሞ የሚሠራው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

1. ከደረጃ 3 ባገኛችሁት ጀምሩ፦ ውጪው 20 ሲሆን የሚወጣው ውሃ 135፣ ውጪው 60 ሲሆን 90።
2. ቴርሞስታቱን በምትፈልጉት ዲግሪ አድርጉና ተዉት። ሌሊት በብዙ ዲግሪ ዝቅ ማድረግ እዚህ ላይ ይጎዳል፣ ጠዋት ቤቱን ለማድረስ ትኩስ ውሃ ይፈልጋልና።
3. ሁለት ቀን ጠብቁ። ከባድ ብረት ቶሎ አይናገርም።
4. ቤቱ የፈለጋችሁት ሙቀት ላይ ከደረሰ የሚወጣውን ውሃ በ5 ዲግሪ ቀንሱ። ካልደረሰ በ5 ጨምሩ። በሁለት ቀን አንድ ለውጥ ብቻ፣ ጻፉት።
5. ቤቱ ሳይደርስ እስከሚቀርበት ድረስ ዝቅ አድርጉና አንድ እርምጃ መልሱ። እዚያ ላይ ተዉት።

ራዲያተሩን ስትነኩት ለብ ብቻ ያለ ይሆናል። እናቴ ለጥየቃ መጥታ ራዲያተሩን ነክታ "ይሄ ነገር ተበላሽቷል" ብላ ጋቢዋን ደረበች፣ ክፍሉ 70 ዲግሪ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አስቀድማችሁ ንገሩ።

## የሆነ ነገር ሲበላሽ

ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይጠፋል። በአንድ ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ቁጠሩ። ማዘዣው ላይ ለማሞቂያ የተፈቀደውን ከፍተኛ ኃይል ወደ ቤቱ ፍላጎት አውርዱ። ቤቱ በብዙ ቴርሞስታት ከተከፋፈለ አዋሕዱት፤ አንዲት ትንሽ ክፍል ብቻዋን ቦይለር ማስነሳት የለባትም። ዝቅተኛው ነበልባል ራሱ ከፍላጎቱ በላይ ከሆነ ግን በማስተካከያ ብቻ አይድንም፣ እንደ እኔ።

ያልባል ወይስ አያልብም? በብርድ ቀን የላቡን ቱቦ ጫፍ ለአንድ ሰዓት ዕቃ ውስጥ አድርጉ። ቦይለሩ በ20,000 ቢቲዩ ገደማ ያለማቋረጥ ሲነድ ግማሽ ሊትር አካባቢ መምጣት አለበት። ጠብታ ብቻ ከሆነ የተመላሹን ቧንቧ ሙቀት ለኩ። ከ130 በላይ ከሆነ በቅደም ተከተል ከርቩን፣ የፓምፑን ፍጥነት፣ የሁለቱን ዙሮች መደባለቅ ፈትሹ።

አንዱ ክፍል ይበርዳል። አየሩን አስወጡ። ካልተለወጠ የሞቁትን ክፍሎች ቫልቭ በጥቂቱ ዝጉ፣ ውሃው ወደ ቀዝቃዛው ይሄዳል። ከርቩን የምትነኩት መጨረሻ ላይ ነው።

ሲሞቅ ግፊቱ ወደ 30 ይወጣል፣ የደኅንነት ቫልቩ ይንጠባጠባል። የግፊት ታንኩ አየሩን ጨርሷል ወይም ትንሽ ነው። ቫልቩን በምንም ዓይነት አትድፈኑት።

ግፊቱ በየሳምንቱ ይወርዳል። የሆነ ቦታ ይፈስሳል። አዲስ ውሃ እየሞላችሁ አትቀጥሉ፣ ከውሃው ጋር የሚገባው ኦክስጅን ብረቱን ያዝገዋል። የራዲያተሮቹን ቫልቭ ሥር በደረቅ ወረቀት እየነካችሁ ፈልጉት።

ሻወሩ ይሞቃል፣ ቤቱ አይሞቅም። ታንኩ ቅድሚያ ወስዶ አልለቀቀም ማለት ነው። የታንኩን መለኪያ ሽቦ እዩ፣ ካልተገኘ ባለሙያውን ጥሩ።

በኃይለኛ ብርድ ቆመ፣ የስሕተት ቁጥር ያሳያል። ሦስት ነገር እዩ፦ ውጪ ያለው ጫፍ በበረዶ ተዘግቶ እንደሆነ፣ የላቡ ቱቦ ቀዝቅዞ እንደሆነ፣ ግፊቱ ወርዶ እንደሆነ። አንድ ጊዜ ዳግም አስነሱት። እንደገና ከቆመ ቁጥሩን ጻፉና ደውሉ፣ ደጋግማችሁ አታስነሱት።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ ብርዱ ሳይገባ ሴፕቴምበር ላይ፣ የሚነድበት ክፍል ተከፍቶ ይጽዳ፣ የውሃ ወጥመዱ ይታጠብ፣ የማለዘቢያው ጠጠር ይተካ፣ ጭሱ እንደገና ይለካ። አዲሱን ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አድርጋችሁ ቦይለሩ ጎን ላይ ለጥፉት።